የአያ ጅቦ ሁለት ስንኞች

አንድ ጊዜ፣ አውሬውም ከብቱም በግጥም በሚካሰስበት አገር፣ አያ ጅቦ እመት አህያን ከሰሳት። የከሰሳት በልጇ ነው። ውርንጭላዋ ገና ጡት አልጣለም። ጆሮው ከራሱ ይበልጥ ነበር፤ ሲሮጥም የኋላ እግሮቹ የፊቶቹን ሊቀድሙ ይደርሱ ነበር። አያ ጅቦ ወንዝ ዳር አየውና ምራቁን ዋጠ። ዘሎ እንዳይዘው ግን ንጉሥ አንበሳ «ያለ ፍርድ የበላ፣ በፍርድ ይበላል» ብሎ አውጇል። ስለዚህ አያ ጅቦ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕግ አከበረና ወደ ችሎት ሄደ።

ክሱ እንዲህ የሚል ነበር፦ «የውርንጭላው አባት ሲሞት አጠገቡ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ልጁን የማሳደግ አደራ የኔ ነው።»

የመጀመሪያው ነገር እውነት ነበር። አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው። አባትየው ሲሞት ከጅብ በቀር ማንም አጠገቡ አልነበረም፤ ከሞተም በኋላ ጅብ አልተለየውም፤ አንድም ቁራጭ ሳያስቀር አብሮት ነበር።

ወሬውን ለአህያ ያደረሰችላት ጦጣ ናት። ጦጣ የአንበሳ ችሎት አጋፋሪ ስለነበረች ነገር ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል፤ ሲያልፍም ትንሽ ትቀምሰዋለች።

«እመት አህያ፣ ጉድሽ ፈላ!» አለቻት ከቅርንጫፍ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥላ። «አያ ጅቦ በልጅሽ ከሶሻል። በገበያው ማግስት ችሎት ቀርበሽ መልስ ስጪ ተብለሻል።»

«ምን መልስ ያስፈልገዋል? ልጄ ነው እላለኋ!»

«እንዲያማ አይሆንም። በግጥም ነው የምትመልሺው። አምስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ አምስት ቀለም።»

«ቀለም ደግሞ ምንድን ነው?»

«አይ የኔ እናት!» አለች ጦጣ። «አፍሽ አንዴ ተከፍቶ ሲመለስ አንድ ቀለም ነው። ‹ሾላ› ካልሽ ሁለት ነው፤ ሾ፣ ላ። ‹አንበሳ› ካልሽ ሦስት ነው፤ አን፣ በ፣ ሳ። ጃንሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው በጅራታቸው መሬቱን እየመቱ ይቆጥሩልሻል። ጅራታቸውን ያሰናከለ ተሸነፈ። ሁለታችሁም ካሰናከላችሁ ደግሞ የተካሰሳችሁበት ነገር ለዳኛው ይሆናል።»

«ለዳኛው? ልጄ ለአንበሳ?»

«እኔ ሕጉን አላወጣሁትም።»

«የሚናገረው እውነት የሆነስ?»

«እውነቱን ማን ጠየቀሽ?» አለች ጦጣ። «የሚጠይቁሽ ልኩን ነው።»

አህያ ልጇን አስከትላ ሰው ወደማያይበት ገደል ወረደችና መለማመድ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀለሞች አላስቸገሯትም። «ልጄ የኔ ነው» አለች፤ ልክ አምስት። የበደላት ትንፋሹ ነው። አህያ አንዴ አየር ወደ ውስጥ ከሳበች አየሩ የሚወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነው።

«ልጄ የኔ ነው… ሃአ! ሂአ! ሃአአአ!»

ገደሉ አስተጋባ። ውርንጭላው ጨዋታ መስሎት ከእሷ ጋር አናፋ።

«ዝም በል አንተ! ግጥም ነው!»

«ደስ ይላል እማ። ድገሚው።»

ደገመችው። ሰለሰችው። ትንፋሹ ጋ ስትደርስ ሁሌም ያው ነው፤ ግማሹ ስንኝ፣ ግማሹ ማናፋት። በመጨረሻ «እኔ አልችልም፤ የሚችል ልፈልግ» ብላ ወደ ቀበሮ ጉድጓድ አዘገመች።

ቀበሮ በዚያ አገር ግጥም አዋቂ ነበር። ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ ለስድብም ስንኝ ይቋጥራል። የአንዱን ለቅሶ ለሌላው ሠርግ የሰጠበትም ጊዜ ነበር፤ ያስተዋለ ግን የለም።

«ጌታው ቀበሮ፣ በልጅዎ ይዤዎታለሁ፣ ሁለት ስንኝ ይቋጥሩልኝ» አለችው። «ልጄን ሊበሉብኝ ነው።»

«ውይ ውይ ውይ! ዘገየሽ እኮ እመት አህያ። ለአያ ጅቦ ቋጥሬለታለሁ።»

«ለእኔም ይቋጥሩልኛ!»

«ለሁለት ወገን?» ቀበሮ ጢሙን አሻሸ። «እኔ እኮ ክብር ያለኝ ሰው ነኝ» አለ፤ ሰውም ሳይሆን፣ ክብርም ሳይኖረው።

«እሱ ምን ሊሰጥዎ ነው?»

ቀበሮ ውርንጭላውን ከላይ እስከ ታች አየና ዓይኑን ሰበር አደረገ። «የኋላ እግር» አለ። «አንዱን ብቻ። ሌላውን አልጠየቅኩም፤ ስግብግብ አይደለሁም።»

አህያ ልጇን ወደ ሆዷ ሥር ሳበችው። ልጇ ገና ሳይፈረድበት ተከፋፍሏል ማለት ነው።

«በይ አሁን ሂጂልኝ» አለ ቀበሮ፤ «ተማሪዬ እየመጣ ነው። እዚህ ቢያገኝሽ ትምህርቱን ትቶ ወደ ምሳው ይሄዳል።»

አህያ ሄደች፤ የሄደችው ግን እስከ ቁጥቋጦው ጀርባ ድረስ ብቻ ነው። የልጇን አፍ በአንገቷ ከልላ ቆመች። አያ ጅቦ እያነከሰ መጣና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«የኔታ፣ እንዴት አደሩ? ትምህርት እንጀምር፤ ርቦኛል።»

ቀበሮ አምስት አጥንቶች በመስመር ደርድሮ ነበር። «ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ አጥንት ነው። ‹አ› ትላለህ፣ ትቆረጥማለህ። ‹ባ› ትላለህ፣ ትቆረጥማለህ። አንዱ ሳይወርድ ሌላው አይነካም። ገባህ?»

«እንዴት አይገባኝም?»

«በል እንግዲህ፤ ‹አባቱ ሲሞት›።»

«አብስሞት!» አለ አያ ጅቦ። አምስቱም አጥንቶች የሉም።

«ሌሎቹ ቀለሞች የት ሄዱ?»

«ሆዴ ውስጥ ናቸው የኔታ። እዚያ ይቁጠሯቸው።»

ቀበሮ ፀጉሩን ሊነጭ ምንም አልቀረውም። ሌላ አምስት ደረደረ። እነሱም ሄዱ። ሌላ አምስት ደረደረ። ዋሻው ውስጥ ያጠራቀመው አጥንት ሊያልቅ ሲል አያ ጅቦ ማላመጥ የሚባለውን ነገር ተማረ። ዘሩ ሁሉ ሳያላምጥ እየዋጠ የኖረ ፍጡር ስለሆነ፣ አገጩ በላብ ተጠመቀ። ቢሆንም ወጣለት። አ፣ ባ፣ ቱ፣ ሲ፣ ሞት። ትንፋሽ። አ፣ ደ፣ ራ፣ ሰ፣ ጠኝ።

«ጎሽ!» አለ ቀበሮ፤ እሱም አላመነም። «ቀጥል፤ ‹ልጁን ላሳድግ›።»

«የኔታ፣ ‹ልጁን› ምን ይጥማል? ‹ውርንጭላውን› ልበል።»

«አትበል። ‹ልጁን› ሁለት ቀለም ብቻ ነው። ‹ውርንጭላውን› ካልክ አፍህን ይሞላዋል።»

«እኔ እኮ ደስ የሚለኝ አፌ ሲሞላ ነው!»

«ለዚህ ነዋ የማትለው! አሁን ዋናውን ስማኝ። ሁለቱን ስንኝ ብለህ ስታበቃ ‹ጨርሻለሁ› ትላለህ። ከሳሽ በገዛ አፉ ‹ጨርሻለሁ› ካላለ አንበሳ አይፈርድም። ከዚያ አፍህን ትዘጋለህ። በል ሞክረው።»

«ጨር…» አለ አያ ጅቦ። ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ጨር… ጨርሼ…» ዓይኑ መሬት ላይ የተረፈች አንዲት የጎድን አጥንት አየ። «ይቺንስ የኔታ?»

«ተዋት!»

«አንዲት እኮ ናት። ብቻዋን ምን ትሠራለች?»

ቀበሮ አጥንቷን አንስቶ ወረወረለት። አያ ጅቦ ዋጣት። ዙሪያውን ቃኘ፤ ምንም የቀረ ነገር እንደሌለ አረጋገጠ። ያኔ ገና «ጨርሻለሁ» አለ፤ ያውም እያዘነ።

ከቁጥቋጦው ጀርባ አህያ ይህን ሁሉ አየች። ምን እንደምታደርግ ገና አታውቅም። ያቺን አንዲት ቃል ግን ለራሷ እየደገመች ልጇን ይዛ ሄደች።

በገበያው ማግስት ጠዋት፣ ያ አገር ሁሉ ችሎቱ ከሚቀመጥበት ሾላ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ንጉሥ አንበሳ ቁርሱን በልቶ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ተጋድሟል። ዓይኑን ጨፍኗል። ሲፈርድ ሁሌም እንዲህ ነው፤ ከእንቅልፍ የሚለየው ጅራቱ ስለሚንቀሳቀስ ብቻ ነው።

«ጸጥታ!» አለች ጦጣ። «ጃንሆይ እያሰቡ ነው።»

አንበሳ አንኮራፋ።

«ከሳሽ ይቁም!»

አያ ጅቦ ቆመ። ቀበሮ ከሕዝቡ መሐል ሆኖ አምስት ጣቶቹን አሳየው። አያ ጅቦ አፉን ከፍቶ፣ አንዱን ቀለም ከሌላው እየለየ፣ እያላመጠ ተናገረ፦

«አባቱ ሲሞት፣ አደራ ሰጠኝ፤
ልጁን ላሳድግ፣ እኔ ቀረሁኝ።»

የአንበሳ ጅራት ድም፣ ድም፣ ድም፣ ድም፣ ድም አለ። አረፈ። እንደገና ድም፣ ድም ብሎ ሳይዛነፍ ስንኙን ሸኘ። ሸንጎው አጉረመረመ።

«ይሄ ጅብ ነው?» አለ ከርከሮ። «አያ ጅቦ ነው እንዲህ የሚናገረው?»

«እኔ እንኳ አልቅሼ ነበር» አለች ሚዳቋ። «ምስኪን! አደራ ተቀብሎ!»

«ግሩም» አለ አንበሳ ዓይኑን ሳይገልጥ።

አህያም እያንዳንዱን ቀለም ሰማች። ግጥሙ እውነትም ያምራል። ባሏን የበላው አውሬ እየተናገረ፣ እሷ ራሷ ለአንዲት ቅጽበት ሊያሳዝናት ዳድቶ ነበር። አሁን የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ናት። አያ ጅቦ አፉን ለዚያች ቃል ከፈተ።

«ጨር…»

«አያ ጅቦ!» አለች አህያ። «ኧረ በሞቴ!»

ሸንጎው ሁሉ ዞረ።

«እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር በሁለት ስንኝ ያልቃል? ጨምርበት እንጂ!»

በዚያ አገር «በሞቴ» የተባለ እንግዳ እምቢ አይልም። ቢጠግብም ይጎርሳል፤ አልጎርስም ማለት ሞትሽን አልፈራም ማለት ነው። ያልጠገበውማ ምን ይጠየቃል?

«ኧረ ይበቃል…» አለ አያ ጅቦ፤ ቃሉ ለምላሱ ባዕድ ሆኖበት።

«እኔ ልሙትልህ! ‹አንድ ጉርሻ ያጣላል› ይባላል፤ እኔና አንተ ደግሞ የተጣላነው ይበቃናል። ትንሽ! እንደው ቅምሻ!»

«ጨርሷል!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ። «ጃንሆይ፣ ከሳሹ ጨርሷል!»

«አንተ ዝም በል!» አለች ጦጣ። «ከሳሽ የሚጨርሰው በገዛ አፉ ነው!»

በዚህ መሐል ውርንጭላው ዝንብ አስቸገረውና ዞሮ ጅራቱን ወዘወዘ። ታፋው ድቡልቡል ብሎ ለአያ ጅቦ ታየው። የአያ ጅቦ ዓይን እዚያ ላይ ተተከለ። ከአፉ ጥግ አንዲት የምራቅ ክር ወረደች።

«እንግዲህ በሞቴ ካልሽኝ…» አለ። «ወፍራም እንዲሆን፣»

የአንበሳ ጅራት አምስት ጊዜ መታ። በአጋጣሚ ልክ ሆኖ ነበር። ከዚያ ጅራቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀሪውን ግማሽ ጠበቀ። አምስት ቀለም ብቻ ጨምሮ ዝም ቢል ኖሮ፣ ሦስት ስንኝ ያለው የተዋጣለት ባለቅኔ በሆነ ነበር። ቀበሮ አምስት ጣቱን እያሳየ ይዘላል። አያ ጅቦ ግን ቀበሮን አያይም።

«ከነጆሮው፣ ከነጅራቱ፣ ከነኩላሊቱ፣ ጉበቱን መጀመሪያ፣ ሳንባውን ለማታ፣ አጥንቱንም አልጥልም፣ ያቺን የኋላ እግር ለየኔታ ብዬ ነበር፣ አሁን ሳየው ግን እሷንም ራሴ…»

ጅራቱ ሊከተለው ሞከረ። ድም ድም ድምድምድም አለ። ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ጎን ሄደ፣ ራሱን በራሱ ጠለፈ፤ በመጨረሻም ተወርውሮ የአንበሳን አፍንጫ በኃይል አጮለው።

«ምን? እግሯ እኮ የኔ ናት!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ፤ የት ቆሞ እንደሚጮህ ያስታወሰው ከጮኸ በኋላ ነው።

አንበሳ ተፈናጥሮ ተነሣ። «ማነው የመታኝ?»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ጦጣ ብቻ መልሱ አልጠፋባትም። «ግጥሙ ነው ጃንሆይ። የአያ ጅቦ ግጥም።»

«ምን ብሎ?»

«ውርንጭላውን አሳድጋለሁ፣ ከዚያ ጉበቱን መጀመሪያ እበላለሁ ብሎ።»

«ጉበቱን?» አለ አንበሳ። ድምፁ ሾላውን አርገፈገፈው። «በዚህ አገር ጉበት የማን ነው?»

«የጃንሆይ!» አለ ሸንጎው ባንድ አፍ።

«ከእኔ በፊት ጉበት ሊቀምስ? እኔ በሕይወት እያለሁ?» አንዲት እናት ልጇን ልትነጠቅ መሆኗ አላስቆጣውም፤ አደራ መበላቱም አላስቆጣውም። ጉበቱ ግን አንገበገበው።

«ጃንሆይ፣ እንግዲያው ሳንባውን…» አለ አያ ጅቦ።

«ውጣ!»

አያ ጅቦ ወጣ። አህያ እፎይ ልትል ስትል አንበሳ ፊቱን ወደ ልጇ መለሰ። አሁን ነቅቷል። ቁርሱም ሳይወርድለት አልቀረም።

«ለመሆኑ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ይህ ውርንጭላ… ጉበቱ ደህና ነው?»

ጦጣ ወደ አህያ ሳይሆን ወደ ሰማይ እያየች አወጀች። «ከሳሽ ልክ ስቷል። ተከሳሽ ትመልስ። እሷም ልክ ከሳተች፣ ክሱ የተነሣበት ነገር ለዳኛው ይሆናል።»

አንበሳ በፍጥነት ተጋደመና ዓይኑን ጨፈነ። ጅራቱ ከመሬት ከፍ ብሎ ጠበቀ። ይህን ጊዜ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረበትም።

አህያ መሐል ገባች። ልጇ ሆዷ ሥር ተለጥፏል። ምንም የተዘጋጀ ስንኝ የላትም። ያለቻት አንዲት ቃል ናት፤ አያ ጅቦ ሊላት አቅቶት የሄደባት። አለቻት፦

«ጨርሻለሁ፣»

ድም፣ ድም፣ ድም፣ ድም፣ ድም። ልክ አምስት።

ከዚያ ትንፋሹ መጣ። አየሩ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሆዷ ተነፋ፤ ማናፋቱ ከአንጀቷ ተነሥቶ ደረቷ ላይ ደረሰ፤ ጉሮሮዋ ጫፍ ላይ ቆመ። ከርከሮ ጆሮውን ሊደፍን እጁን አነሣ። አህያ ጎንበስ ብላ የልጇን የማጅራት ፀጉር በጥርሷ ግጥም አድርጋ ነከሰች። አፏ ሞላ። ማናፋቱ መውጫ አጣና ተመልሶ ወረደ። በጥርሶቿ መሐል፣ ልጇን እየጎተተች፣ እንዲህ አለች፦

«ልጄን ወሰድሁ።»

ድም፣ ድም፣ ድም፣ ድም፣ ድም።

የአንበሳ ጅራት ሌላውን ስንኝ ሲጠብቅ አየር ላይ ቆየ። ቆየ። ደከመው።

«ቀሪውስ?» አለ አንበሳ ዓይኑን እንደጨፈነ።

«ጃንሆይ» አለች ጦጣ፤ «ጨርሻለሁ ብላ እኮ ነው የጀመረችው።»

«ቢሆንስ? በአንድ ስንኝ ያልቃል?»

«ልኩ ተጓድሏል?»

አንበሳ ጅራቱን አየው። ጅራቱ ምንም ቅሬታ አልነበረውም። «አልተጓደለም» አለ እያዘነ። «ሂዱ በቃ ሁላችሁም። ራሴን አመመኝ።» ይህን ሲል እናትና ልጅ ወንዙን ተሻግረው ነበር።

ከሾላው ወዲያ ማዶ ቀበሮ አያ ጅቦን ደርሶበት ነበር። «ያን ሁሉ አጥንት አስበልቼህ! የኋላ እግሬን ማን ይሰጠኛል?»

አያ ጅቦ ቆመ። የቀበሮን የኋላ እግር ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ ተመለከተው። «የኔታ» አለ፤ «ለካ አለችዎ። እስቲ አንድ ጊዜ በሞቴ ይበሉኝ?»

ቀበሮ እንደዚያ ቀን ሮጦ አያውቅም።

እመት አህያና ልጇ ዳገቱን ተያይዘውታል። ውርንጭላው ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጠየቀ።

«እማ፣ አባቴ እውነት ለአያ ጅቦ አደራ ሰጥቶት ነበር?»

«አባትህ ለአደራ ቀርቶ ለጩኸትም ጊዜ አላገኘም።»

«ታዲያ ግጥሙ ለምን አማረ?»

አህያ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ የመጡበትን መንገድ አየች።

«ፈጠን በል» አለችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ውሸት ልኩን ጠብቆ ሲነገር እንደ እውነት ቢያምርም፣ የውሸታም ሆድ ግን ልክ ስለማያውቅ «ትንሽ ጨምር» ያሉት ዕለት ራሱን በራሱ እንደሚያጋልጥ ነው።